ከከንፈር ቆረጣ እስከ 10 ሜትር፦ ደጅ ላይ ማጨስ የተከለከለበት ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ በጨዋታ መሐል እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ቤት ውስጥ አታጭስ ስባል ይገባኛል። ጣራ በሌለበት፣ ግድግዳ በሌለበት፣ ሰማይ ስር ቆሜ አታጭስ የምባለው ግን ለምንድን ነው? ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት አይደል እንዴ?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። ጥሩ ጥያቄ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ አይመለስም፤ ስለዚህ እዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ደጅ ላይ ማጨስን መከልከል አዲስ ነገር አይደለም። በብዙ አገር ቤት ውስጥ ማጨስ ከመከልከሉ በፊት የተከለከለው መንገድ ላይ ማጨስ ነው። አዲሱ ምክንያቱ ነው። የድሮ ነገሥታት ትምባሆን ሲከለክሉ የፈሩት እሳትን፣ ወሬን፣ ኃጢአትን፣ የተገዥን ድፍረት ነበር። ከአጫሹ አጠገብ ቆሞ ስለሚተነፍሰው ሰው ያሰበ ሕግ የመጣው ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ነገሩን ለማየት ኢስታንቡልንና በርሊንን አይተን ወደ አገራችን እንመለሳለን፤ ከዚያ ቶኪዮ ደርሰን አዲስ አበባ ላይ እናበቃለን።

ሱልጣኑና የእንጨት ከተማው

የትምባሆ አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ መርከበኞች ቅጠሉን ይዘው ተመለሱ። መቶ ዓመት አለፍ ሲል ከአውሮፓ አልፎ የቱርኮችን ግዛት አዳረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1633 ኢስታንቡል ላይ ከባድ ቃጠሎ ተነሳ። ቤቱ በአብዛኛው የእንጨት ስለነበር እሳቱ የከተማዋን ሰፊ ክፍል በላ። በዚያው ዓመት ሱልጣን ሙራድ 4ኛ ትምባሆን ከለከሉ፤ ቡና ቤቶችንም አዘጉ። ቅጣቱ ሞት ነበር። ሱልጣኑ ራሳቸው ልብስ ለውጠው በከተማው እየዞሩ አጫሽ ያድኑ ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

እሳት መፍራታቸው እውነት ነው፤ የእንጨት ከተማ የሚገዛ ሰው እሳት ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን ልብ በሉ፤ ቡና ከተማ አያቃጥልም! ቡና ቤቱ ታዲያ ለምን ተዘጋ? ወታደሩም ነጋዴውም እዚያ ተሰብስቦ፣ እየጠጣና እያጨሰ፣ ስለ መንግሥት ያወራ ስለነበር ነው። እሳቱ ለአዋጁ ምክንያት ሆነ፤ ዙፋኑን ያሳሰበው ግን ወሬው ነበር።

ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1640 ገና በ27 ዓመታቸው ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ ክልከላው ብዙም አልቆየም፤ ላላና ቀረ። ያ ክፍለ ዘመን ሳያልቅ ደግሞ የኦቶማን መንግሥት ከትምባሆ ግብር መሰብሰብ ጀመረ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመጣ እንደገና እናገኛታለን።

በርሊን፦ አብዮትና ሲጋራ

ሁለተኛው ታሪክ ክፍል ውስጥ ሳስተምረው ተማሪው ሁሉ የሚስቅበት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የፕሩሲያ ዋና ከተማ በርሊን ውስጥ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዳሻው ማጨስ ይችላል። መንገድ ላይ ግን ክልክል ነው። ቲርጋርተን በሚባለው ትልቁ መናፈሻም ክልክል ነው። ዘበኛ ካየው ይቀጣዋል። ምክንያቱ አንድም እሳት ነው፤ አንድም «ሥርዓት» ነው። በባለሥልጣናቱ ዓይን ሲጋራውን በአፉ ይዞ በመንገድ የሚንጎማለል ሰው ደፋር ነው፤ ለበላዮቹ ክብር የሌለው ነው፤ ምናልባትም አብዮተኛ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1848 አብዮቱ እውነትም መጣ። የበርሊን ሕዝብ በየመንገዱ ምሽግ ሠርቶ ከንጉሡ ጦር ጋር ተዋጋ፤ ከ200 በላይ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ። ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 4ኛ በማግስቱ ተሸነፉና በሟቾቹ አስከሬን ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሲተረክ እንደሚሰማው በዚያ ግርግር መሐል ልዑል ሊኽኖቭስኪ የሚባል መኳንንት ለሕዝቡ ንጉሡ የጠየቃችሁትን ሁሉ ፈቅደዋል ብሎ ተናገረ። ከመሐል አንዱ ማጨስም ተፈቅዷል ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ ተፈቅዷል አለ ልዑሉ። ቲርጋርተንም ውስጥ? አዎ፣ ቲርጋርተንም ውስጥ!

ታሪኩ ሲተላለፍ ተኳኩሎ ሊሆን ይችላል። የመንገድ ላይ ክልከላው በዚያው ወር መነሳቱ ግን የታወቀ ነው።

ተማሪዎቼ ሲስቁ «ቆይ፣ ለምን ትስቃላችሁ?» እላቸው ነበር። ሰው ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ሕገ መንግሥት እየሞተ ስለ ሲጋራ ይጠይቃል? ይጠይቃል እንጂ! ያ ሕግ ለማንም ጤና የወጣ አልነበረም፤ መንገዱ የማን እንደሆነ ለማሳየት ነው የወጣው። ስለዚህ ሕዝቡ መንገዱ የኔ ነው ያለ ቀን የመጀመሪያ ምልክቱ ጭስ ሆነ።

ይህን ስሜት ከሁሉም በላይ የተረዱት የሲጋራ ነጋዴዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 በፋሲካ ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ ኤድዋርድ በርኔስ የተባለ የማስታወቂያ ሰው ለአንድ የትምባሆ ኩባንያ እየሠራ ወጣት ሴቶችን በአምስተኛው ጎዳና ሰልፍ መሐል ሲጋራ እያጨሱ እንዲሄዱ አደረገ። በዚያ ዘመን ሴት መንገድ ላይ ስታጨስ መታየቷ ነውር ነበር። ሲጋራዎቹን ምን ብሎ ጠራቸው? «የነፃነት ችቦ»! የበርሊን ሰው በደሙ ያገኘውን መንገድ ኩባንያው ለገበያ አዋለው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው «ደጅ ላይ ማጨስ መብቴ ነው» ሲል ሁለቱም ድምፆች አሉበት፤ የእውነተኛው ነፃነትም፣ የማስታወቂያውም።

አፄ ዮሐንስ፦ ከቆረጣ ወደ ቀረጥ

ወደ አገራችን እንምጣ።

ትምባሆ እኛም ዘንድ የቆየ ነው። በጋያ ይጨሳል፣ በሱረት መልክ በአፍንጫ ይሳባል። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህን ሁሉ አጥብቀው ከልክለው ነበር። ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር ተጽፏል፤ በአፍም ሲነገር ኖሯል።

ንጉሠ ነገሥቱ የሳንባ ነገር አሳስቧቸው አይደለም። በካህናቱ ዘንድ ትምባሆ እንደ ርኩስ ነገር ይታይ ነበር፤ አፄ ዮሐንስም አገሩን በአንድ ሃይማኖት ለማሰር በቆረጡበት ዘመን አጫሽ ማለት ከሥርዓት ያፈነገጠ ማለት ነበር። ቤት፣ ደጅ የሚባል ልዩነትም የለም። የተከለከለው ድርጊቱ ራሱ ነው፤ የሚቀጣውም አካል ነው።

አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ክልከላውም አብሯቸው ወደቀ። አዲስ አበባ ሰፋች፤ የባቡር ሐዲድ መጣ፤ ነጋዴ በረከተ፤ ሲጋራም በፓኮ ሆኖ ገባ። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በ1934 ዓ.ም የትምባሆ ሥራና ንግድ በመንግሥት ሞኖፖል ስር ሆነ። የአዲስ አበባ ሰው ዛሬም ድርጅቱን «ትምባሆ ሞኖፖል» ብሎ ነው የሚያውቀው።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ ተመለሰች። ኢስታንቡል ላይ አንገት ያስቀጣ ቅጠል የግምጃ ቤት ገቢ ሆነ። እኛም ጋ ከንፈር ያስቆረጠ ቅጠል ቀረጥ የሚቆረጥበት ዕቃ ሆነ። ከቆረጣ ወደ ቀረጥ! ሁለቱ ነገሮች ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ በሁለቱም ውስጥ አጠገብ ያለው ሰው የለበትም። ንጉሡ የሚያየው አጫሹን ነው። ግምጃ ቤቱም የሚያየው አጫሹን ነው። ጭሱ የሚደርስበትን ሰው ያየ የለም።

ያልተጻፈው ሕግ

ታዲያ ከአፄ ዮሐንስ በኋላ እኛ አገር ደጅ ላይ ማጨስን የሚገድብ ምንም ሕግ አልነበረም ማለት ነው? ነበረ። አልተጻፈም እንጂ።

ይሉኝታ የሚባል ሕግ ነበረን፤ ዛሬም አለን። ልጅ አባቱ ፊት አያጨስም። ቄስ ወይም ሼህ ሲያልፍ አያጨስም። የሰፈር ሽማግሌ ሲመጣ ሲጋራው ወይ ይጣላል ወይ ይደበቃል። እኔ ራሴ ስንቱን አይቻለሁ! መንገድ ላይ ያገኘኝ የድሮ ተማሪ ሲጋራውን መዳፉ ውስጥ ሸሽጎ፣ ጭሱ በእጅጌው እየወጣ፣ «ደህና ዋሉ ቲቸር!» ያለኝ አለ። ይህን እያነበብክ እየሳቅክ ነው አይደል? ማን እንደሆንክ እናውቃለን፤ እጅህን አቃጥሎህ እንደነበር ፊትህ ላይ ያስታውቅ ነበር።

ይህ ሕግ ፖሊስ የለው፣ ቅጣት የለው፤ ግን ይሠራል። ኢስታንቡል በሰይፍ ያላገኘችውን ታዛዥነት እኛ በይሉኝታ አግኝተነዋል። ትልቅ ሀብት ነው፤ ልንንቀው አይገባም።

አንድ ጉድለት ግን አለበት። ያ ተማሪዬ ሲጋራውን የደበቀው ከእኔ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ሰላም ብዬው ከማልፈው ሰውዬ። አጠገቡ ከጠዋት ጀምሮ ማስቲካና ሶፍት ይዞ የቆመ የ10 ዓመት ልጅ ነበረ። ከእሱ አልደበቀም። ከእሱ መደበቅ እንዳለበትም ያስተማረው የለም። ይሉኝታችን ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያየው፦ ወደ አባት፣ ወደ ቄስ፣ ወደ መምህር፣ ወደ አለቃ። ወደ ታች፣ ወደ ሕፃኑ፣ ወደ ሊስትሮው፣ ወደ አስተናጋጇ አያይም።

የዘመናችን ሕግ የመጣው ይህን ለማዞር ነው።

ጭሱ የደረሰበት ሰው ሲታይ

እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሳይንሱም ቢሆን በዋናነት የሚያየው አጫሹን ነበር። የሌላ ሰው ጭስ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለዓለም በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የመጣው ከጃፓን ነው። ታኬሺ ሂራያማ የተባሉ ተመራማሪ 91,540 የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን አሳተሙ። ባሎቻቸው ብዙ የሚያጨሱ ሴቶች፣ ባሎቻቸው ከማያጨሱት ይልቅ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ሴቶች አንድም ሲጋራ አፋቸው ውስጥ አልገባም። የትምባሆ ኩባንያዎች ጥናቱን ለማጣጣል ብዙ ደከሙ፤ ከኋላው የመጡት ጥናቶች ግን ደገፉት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2004 መጠጥ ቤትና ምግብ ቤት ሳይቀር ዝግ በሆነ የሥራ ቦታ ሁሉ ማጨስን በአገር ደረጃ በመከልከል ከዓለም ቀደመች። ብዙ አገሮች ተከተሏት።

ጣራው ስር የተከለከለው ሰው ታዲያ ወዴት ወጣ? ወደ በር ነዋ! የሆስፒታል በር፣ የመሥሪያ ቤት በር፣ የምግብ ቤት በር የአጫሾች መቆሚያ ሆነ። ሕፃን አዝላ ወደ ሐኪም የምትገባ እናት የጭስ መጋረጃ ገልጣ ነው የምትገባው። በመስኮት በኩልም ጭሱ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሕጉ ሰውየውን ተከትሎ ደጅ ወጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካላባሳስ የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 አብዛኛውን የሕዝብ ቦታ ደጁንም ጨምሮ ከለከለች። ስፔን ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ የሆስፒታልና የትምህርት ቤት ግቢን፣ የልጆች መጫወቻን ጨመረች። ኒው ዮርክ በዚያው ዓመት ፓርኮቿንና የባሕር ዳርቻዎቿን ዘጋች። ሚላኖ ከጥር 2025 ጀምሮ ከሌላ ሰው ቢያንስ 10 ሜትር ካልራቅህ ጎዳናም ላይ አይቻልም አለች። ፈረንሳይም በዚያው ዓመት ፓርክ፣ የባሕር ዳርቻ፣ የአውቶቡስ ፌርማታና የትምህርት ቤት ደጃፍን ከለከለች፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። የካፌ በረንዳን ግን ፈረንሳይም አልደፈረችውም። እንግሊዝ በ2024 የመጠጥ ቤቶችን ደጅ ለመከልከል አስባ ነበር፤ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ሲጮኹ ተወችው።

ቶኪዮ፦ በተቃራኒው የሄደችው ከተማ

ጃፓን ግን በሌላ መንገድ ሄደች። ያቺ የሂራያማ አገር ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስን በአገር አቀፍ ሕግ የገደበችው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ላይ ነው። መንገድ ላይ ማጨስ ግን በቶኪዮዋ የቺዮዳ ክፍለ ከተማ ከጥቅምት 2002 ጀምሮ በገንዘብ ያስቀጣል፤ 2,000 የን። ለ17 ዓመት ያህል በዚያ አካባቢ መንገድ ላይ ያጨሰ እየተቀጣ፣ ምግብ ቤት ገብቶ ሕፃን አጠገብ ያጨሰ ምንም አይባልም ነበር ማለት ነው።

የመንገዱ ሕግ መነሻው ሳንባ አልነበረም፤ በየመንገዱ የሚጣለው ቁራጭ ሲጋራና እሳቱ ነው። ቶኪዮ የሰው ጎርፍ ናት። በዚያ ጎርፍ መሐል አንድ ሰው ሲጋራውን ይዞ እጁን ወደ ታች ሲያንጠለጥል፣ እሳቱ ያለው የት ነው? በልጅ ፊት ቁመት ላይ። ይህን ለጃፓኖች በማስታወቂያ ካስተማሩት አንዱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ራሱ ጃፓን ቶባኮ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ ነው። ሲጋራ የያዘው እጅ በልጅ ፊት ቁመት ላይ እንደሆነ የሚናገር ማስታወቂያ አሠርቶ ነበር።

የቺዮዳ ሰዎች ለሕጋቸው የሰጡት መፈክር ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል። ሐሳቡ በእኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ከጨዋነት ወደ ሕግ፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ጨዋነት። ሕጉ መድረሻቸው አልነበረም። ጨዋነት ብቻውን አልበቃ ሲል ሕግ ይደግፈዋል፤ ሕጉ ሲለመድ ደግሞ ተመልሶ ጨዋነት ይሆናል።

ከቶኪዮ ወደ አዲስ አበባ

ያ ኩባንያ ወደ እኛም መጣ። ጃፓን ቶባኮ በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰ። ከኩባንያው ራሱ ሢሶው በሕግ የጃፓን መንግሥት ነው። ሲጋራ በልጅ ፊት ቁመት ላይ እንደሚያዝ አሳምሮ የሚያውቅ ኩባንያ ኒያላችንን ገዛ ማለት ነው። አልወቅሰውም፤ ነጋዴ ገበያ ባለበት ይሄዳል። ግን ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው ዛሬ ለሚያጨሰው ሰው ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። በ2008/2009 ዓ.ም አካባቢ በተደረገ አገራዊ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ 5 ያህሉ ነው። የተገዛው ገና ያልጀመረው 95ቱ ነው፤ በተለይ ወጣቱ።

መንግሥት በአንድ እጁ ሲሸጥ በሌላ እጁ ሕግ አወጣ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። የማስጠንቀቂያ ሥዕሉና ጽሑፉ የፓኮውን 70 በመቶ እንዲይዝ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ እንዳይሸጥ፣ ሲጋራ በነጠላ እንዳይሸጥ አዘዘ። ማጨስን ደግሞ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ውስጥ፣ በሕዝብ ትራንስፖርት ከለከለ። ጤና ተቋማትንና ትምህርት ቤቶችን ከነግቢያቸው ዘጋ። ከዚያም አንዲት አንቀጽ ጨመረ፦ ከበር፣ ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ በ10 ሜትር ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው።

10 ሜትር! ወደ 14 እርምጃ ነው። እስኪ ዛሬ ከምትወዱት ካፌ በር ተነስታችሁ ቁጠሩት። በረንዳውን ታልፋላችሁ፣ የእግረኛ መንገዱን ታልፋላችሁ፣ ብዙ ቦታ ላይ አስፋልቱ መሐል ትደርሳላችሁ። የከተማችን የካፌ በረንዳ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ 10 ሜትር ውስጥ ነው።

መተርኮሻው

አልፎ አልፎ ቡና የምጠጣበት ቤት አለ፤ ስሙ ይቅር። በረንዳው ግድግዳ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» ይላል። ከጽሑፉ ስር ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ መተርኮሻ ይቀመጣል። አንድ ቀን አስተናጋጇን «ልጄ፣ ይሄና ይሄ እንዴት ተስማሙ?» አልኳት። ሳቀች። «ጋሼ፣ ጽሑፉ ለመንግሥት ነው፤ መተርኮሻው ለደንበኛ» አለችኝ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ ሥራ ላይ ነኝ» አለችና ሄደች።

ይህን መልስ ብዙ አሰብኩበት። ለመንግሥት ጽሑፍ ተሰጠው፤ ለደንበኛ መተርኮሻ ተሰጠው። ለእሷ ምንም አልተሰጣትም። ከጠዋት እስከ ማታ ጭሱን የምትተነፍሰው እሷ ናት፤ ሕጉም በዋናነት የወጣው ለእንደሷ ያለው ሰው ነው። ግን «እባክዎ አያጭሱ» ለማለት አቅም የለኝም ብላ የምታስበውም እሷ ናት። ጉርሻ ይቀርባታል፣ አለቃ ይቆጣታል፣ ደንበኛው ይሰድባታል።

እውነቱን እንነጋገር

አሁን ለተማሪዬ ጥያቄ ተገቢውን ክብር እንስጠው። የሚቃወሙት ሰዎችም ነጥብ አላቸው።

አንደኛ፣ ደጅ ላይ ያለው ጭስ ከቤት ውስጡ ጋር እኩል አይደለም። ነፋስ ይበትነዋል፤ ከአጫሹ ሁለት ሜትር ያህል ስትርቅ በፍጥነት ይቀንሳል። ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ የሚያጨስ ሰው ማንንም አይጎዳም፤ የእኛም ሕግ እሱን አልነካውም። ሁለት ሜትር ውስጥ ግን ሌላ ነው፤ በረንዳ ላይ ጠረጴዛና ጠረጴዛ መሐል ያለው ርቀት ደግሞ ከሁለት ሜትር ያንሳል። ፌርማታ ላይ ተሰልፎ ታክሲ ሲጠበቅማ ጭራሽ ትከሻ ለትከሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሕግ በደካማው ላይ ሊበረታ ይችላል። ሲጋራ በነጠላ የሚሸጠውን ልጅ ማሳደድ ቀላል ነው፤ መተርኮሻ የሚያስቀምጠውን ባለቤት መጠየቅ ግን ከባድ ነው። ሕጉ በዚህ መልክ ከተሠራበት የበርሊኑ ዓይነት ሕግ ይሆናል፤ ሰዉም አንድ ቀን እንደ በርሊን ሰው ይሸኘዋል። ለዚህ ነው ተጠያቂው አስቀድሞ የቤቱ ባለቤት መሆን ያለበት። መተርኮሻው ከጠረጴዛው ላይ ይነሳ፤ ግማሹ ሥራ በዚያው ያልቃል።

ሦስተኛ፣ አጫሽ ጠላት አይደለም። ሱስ የያዘው ወንድማችን ነው። ብዙዎቹ የጀመሩት ለጋ ሳሉ ነው፤ ማቆም ፈልገው ያልቻሉ ስንት አሉ። ከንፈሩን የቆረጡት አላዳኑትም፤ የቀረጡትም አላዳኑትም።

እንግዲህ የእነዚህ 400 ዓመታት ታሪክ ለእኔ የሚነግረኝ ይህን ነው። በሰይፍ የተከለከለው ሰይፉ ሲወድቅ ተመለሰ። ለመንግሥት ክብር የተከለከለው መንግሥቱ ሲዋረድ ተሻረ። የሚቆየው ክልከላ ከለላ የሚሆንለት ሰው በዓይን የሚታይ፣ ያ ሰውም ከፍ ባለ ድምፅ «ለእኔ ነው» ማለት የሚችል ሲሆን ነው። አስተናጋጇ አፏን ሞልታ «ጋሼ፣ እዚህ አይቻልም፤ ከበሩ ራቅ ይበሉልኝ» ብላ ደንበኛው «ይቅርታ እህቴ» ብሎ የሚነሳበት ቀን፣ ያን ቀን አዋጅ ቁጥር 1112 ከወረቀት ወርዶ ሕግ ሆነ እላለሁ።

ለዚህ ደግሞ ከጃፓን መዋስ አያስፈልገንም፤ ይሉኝታ አለን። ዓይኑን ወደ ታች ማዞር ብቻ ነው የጎደለው። ለአባትህ የደበቅከውን ሲጋራ ለልጁም ደብቅለት። ለመምህርህ የጣልከውን ለአስተናጋጇም ጣልላት። እናንተ የማታጨሱት ደግሞ፣ እሷ ለመናገር ስትፈራ ብታዩ ከጠረጴዛችሁ ሆናችሁ በትሕትና አንድ ቃል ጣል አድርጉላት። እኔ በዚያ ቤት በሄድኩ ቁጥር መተርኮሻውን አንስቼ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ ቦታው ተመልሶ አገኘዋለሁ። አሁንም አነሳዋለሁ።

እስኪ እናንተ ባላችሁበት እንዴት ነው? አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም ያላችሁ ንገሩኝ፤ በረንዳው ላይ ያለው ጽሑፉ ነው፣ መተርኮሻው ነው ወይስ ሁለቱም?

ቸር ሰንብቱ።